ባልሽን ይዘሽ ነይ

ጥር 14 ቀን 1965፣ ሰኞ

ከሥራ ስመለስ ጉዲቱ ፌርማታው ላይ ጠበቀችኝ። ባለፈው ወር አበባዋ ሲዘገይ የሁለታችንም ነፍስ ወጥታ ነበር። ካረገዘች የታይፕ ትምህርቷም ቀረ፣ አባቷም ከቤት ያባርራታል። ደግነቱ አበባዋ መጣ። ከፋርማሲ ኮንዶም እገዛለሁ ብያት ነበር (ስሙን ስጽፈው እንኳ አፈርኩ)። ምን ይዤ ወጣሁ? አስፕሪን። ሻጩ ከአባባ ጋር ጽዋ የሚጠጣ ሰው ነው፣ ምን ልበለው? ስነግራት አልሳቀችም።

«አንተ አፍረህ እኔ ላርግዝ?» አለችኝ።

ጥር 15፣ ማክሰኞ

ጉዲቱ የእህቷን የጋብቻ ቀለበት አድርጋ የእርግዝና መከላከያ እንክብል የሚሰጡበት ክሊኒክ ሄዳለች። ብቻዋን! ለባለትዳር ብቻ ነው ብለው መለሷት። ባልሽን ይዘሽ ነይ፣ ይፈርም... እሺ፣ ነገ ባል እሆናለሁ።

የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ባጫ እንክብል የምትውጥ ሴት መካን ትሆናለች ይላል። ጉዲቱ ግን ነርሷን ጠይቃ፣ ስታቆሚው ትወልጃለሽ ተብላለች። እሷ ነርስ ትጠይቃለች፣ እኔ ባጫን እሰማለሁ።

ጥር 16፣ ረቡዕ

ምን ብዬ ልጻፍ...

ክሊኒኩ አግዳሚ ላይ ተራችንን ስንጠብቅ የነርሷ በር ተከፈተ። እማዬ ወጣች። የገዛ እናቴ! ሰባት የወለደች። እጇ ላይ የእንክብል ካርቶን። እኔን አየች፣ ጉዲቱን አየች። ተነሥቼ ወጣሁ። ሮጥኩ ማለት ይሻላል። ለጉዲቱ አንድ ቃል ሳልተነፍስ። አውቶቡስም አልጠበቅኩ፣ ኮልፌ ቤታችን ድረስ በእግሬ።

ወንድ ነኝ እኔ?

ጥር 17፣ ሐሙስ

እማዬ ቁርስ አቀረበች። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ጥር 20፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አባባን አስቀድማ እኔን ወደ ኋላ አስቀረችኝ። ልጅቷ ማን ናት? ነገርኳት። መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ይሻለኝ ነበር። ለካ እኔ ስሸሽ ነርሷ ባልሽ የታለ ስትላት ጉዲቱ አልቅሳለች። እማዬ ተመልሳ ገባች።

«አማቷ ነኝ፣ ልጄ ዓይን አፋር ነው አልኳቸው። እንደዚያ ዋሽቼ አላውቅም።»

እንክብሉን ሰጧት። አባባስ ያንቺን ያውቃሉ ወይ አልኳት።

«አባትህማ ያን ሁሉ ሴት አልፎ ገብቶ ፈረመ» አለች።

«አረገዘች» የሚል ቃል ሲነሣ እንኳ ከክፍሉ የሚወጡት አባባ!

ከሰዓት በኋላ ጉዲቱ ቤት ሄድኩ። በር ላይ ቆማ ሰማችኝ፣ ግባም አላለችኝም። እናትህን አመስግንልኝ አለች። አንተ ግን ሁለተኛ እዚህ እንዳትመጣ።

ስመለስ እማዬ ደጅ ላይ ናት። «ምራቴስ ምን አለች?» አለችኝ እየሳቀች። በጓሮ በኩል ልዞር ፈለግኩ... አልዞርኩም። ተወችኝ፣ እውነቷን ነው አልኳት።

ሳቋ ጠፋ።

«እኔ ታዲያ ዋሽቼ ቀረሁ?» አለች።