ቅዳሜ የቀረ ይሞታል

እስራኤል፣

ቁልፌን ታች ሱቅ ትቼዋለሁ፣ አልመለስም። ውሃ ሐሙስ ስለሚመጣ ጀሪካኖቹን ሙላ። ሳሙናህን ስለጨረስኩብህ ይቅርታ።

አራታችን ቅዳሜ ቅዳሜ የምንጫወተውን የጨዋታህን አዲስ እትም ጠረጴዛው ላይ አግኝቼ አነበብኩት። ካርታውን አሳምረሃል፣ የጭራቆቹንም ጉልበት ቀንሰሃል። «ቅዳሜ የቀረ ተጫዋች ጀግናው ይሞታል» የሚለውን ሕግ ግን እንዳለ ትተኸዋል።
መቀየር የነበረበት እሱ ብቻ ነበር።

በጨዋታው ሁለት ዓመት ያሳደግኩትን ጀግናዬን የገደልከው ቡሹሎ ሄጄ የአባቴን ለቅሶ ተቀምጬ ሳለ ነው። ድንኳኑ ድረስ መጥተህ «እግዜር ያጽናህ» ካልከኝ በኋላ የነገርከኝም ይህንኑ ነው።

አስማንና ትንሣኤን አነጋግሬያቸዋለሁ። የፊታችን ቅዳሜ ሦስታችንም እንቀራለን። ጀግኖቻችንን በሕግህ ግደላቸው።
ለቅሶውን ግን ብቻህን ተቀመጥ።

ደበሌ