ጠመኔው ሳይነሳ

ይድረስ ለምወድህ ወንድም ጋሼ፣

ጤናህ እንዴት ነው? እኛ አለን፤ እማዬ አሁንም ስምህን ሳትጠራ ምሳ አትቀምስም።

ካልኩለስ ጀመርን። ሊሚት ወዲያው ገባኝ፤ ከግራም ከቀኝም ወደ አንዲት ነጥብ ስትጠጋ ሁለቱም ወደ አንድ ቁጥር ከወሰዱህ ሊሚት አለ፣ ነጥቧ ራሷ ክፍት ብትሆንም። ኮንቲኒዩቲ ላይ ግን መምህሩ «እጃችሁን ሳታነሱ መስመሩን መሳል ከቻላችሁ ቀጣይ ነው» ሲሉ ሳቄ አመለጠኝ። የአባዬ ሥራ ነዋ! የእጅጌ መግቢያውን ኩርባ ጨርቁ ላይ በጠመኔ ሲያሰምር አንዴ ከጀመረ መች ያነሳል? አንተ እንኳ «ትንፋሹንም ይይዛል» እያልክ ትቀልድበት ነበር።

የዘንድሮ ጠመኔ ግን የሚረባ አይደለም መሰለኝ። አባዬ ኩርባው መሃል ላይ ያነሳና እጁን አሸት አሸት አድርጎ ከወዲያኛው ጫፍ ይጀምራል። መስመሮቹ ይጠጋጋሉ፤ መሃላቸው ላይ ግን ክፍት ትቀራለች። ሱቅ ለሱቅ ዞሬ ሌላ ጠመኔ ገዛሁለት፤ ያው ነው። እማዬም የአባዬን ሻይ በግማሽ ብርጭቆ መቅዳት ጀምራለች።

መምህሩ ሊሚቱ ካለ ክፍቷን ነጥብ መሙላት ይቻላል ብለውናል። ስለዚህ አባዬ ከትምህርት ቤት ስመለስ «ነይ እስቲ፣ የተማርሽውን አሳይኝ» ብሎ ጠመኔውን ሲሰጠኝ እሞላታለሁ።

እማዬ ጉንጭህን አገላብጣ ትስምሃለች። የላክንልህ ኮት ብብትህ ስር ትንሽ ከያዘህ ኩርባው የእኔ ነው። ስትደውል ግን አባዬን «እጅህ ይባረክ» በለው።

ሁሌም የምትናፍቅህ
ታናሽ እህትህ