መታወቂያዬን አገጬ ሥር ይዤ

ውድ ችኩሌ፣

በወረቀት የምጽፍልሽ ስልክሽን አሁን ማን እንደያዘው ስለማላውቅ ነው። ባለፈው ሳምንት ሁለት ጊዜ ደወልኩ። መጀመሪያ ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ። በሁለተኛው አንድ ሰው አነሳና ምንም ሳይናገር ሲተነፍስ ሰማሁት። አንቺ ብትሆኚ ገና «ሃሎ» ሳልል ወሬውን ታዥጎደጉጂው ነበር። ዘጋሁት። ደብዳቤውን የምሰጠው ለአክስትሽ ነው፤ ከእጅሽ ሳላስገባ አልመለስም ብላ ምላልኛለች።

ከተለያየን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። እኔ እዚያው ክሊኒክ ካርድ ክፍል ውስጥ ነኝ፤ ማለቴ፣ እስካለፈው ወር ድረስ ነበርኩ።

ነገሩ የጀመረው በመልእክት ነው። የማላውቃቸው ሰዎች በስሜ ፈልገው ገጼ ላይ ይጽፉልኝ ጀመር። «እህቴ፣ ክፍያው ገብቷል፤ ዕቃው መቼ ይላካል?» ይላል አንዱ። ተሳስተዋል ብዬ መለስኩለት። በማግስቱ ሌላ ሰው ጠየቀኝ። በሦስተኛው ቀን ጥያቄው ቀርቶ ስድብ ሆነ። የስም መመሳሰል ነው ብዬ ተውኩት። ምነው ያኔ በነቃሁ!

ማክሰኞ ረፋድ ላይ አንድ ሽማግሌ መስኮቴ ጋ መጡ። ካርድ አልጠየቁኝም። ስልካቸውን በመስኮቱ ቀዳዳ አሾልከው «ስምሽ ይሄ ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባቴ።»

«እስከ አያትሽ?»

አነበብኩት። እስከ አያቴ የኔ ስም ነው። የክፍያ ማረጋገጫ ነበር።

ባለቤታቸው እግሯ ከታሰረ ዓመት አልፎታል። ኢንተርኔት ላይ ተሽከርካሪ ወንበር የሚሸጥ ገጽ አይተው ከፈሉ። ገጹ ላይ ነጭ ጋዋን የለበስኩበት ፎቶዬ አለ። «የክሊኒክ ሠራተኛ ናት፣ አትዋሽም ብዬ አመንኩሽ» አሉኝ። «ገንዘቡን ተዪው። ወንበሩን ብቻ ላኪልኝና እመርቅሻለሁ። በጀርባዬ እያዘልኳት ወገቤ ተቆረጠ።»

«አባቴ፣ እኔ አይደለሁም።»

«ስሙ ያንቺ፣ ፎቶው ያንቺ። አንቺ ካልሆንሽ ታዲያ ማን ነው?»

 ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው ሁሉ እኔን ያያል። ሽማግሌው ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱና ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ አሉኝ፦ «እኔ ምንም አላደርግሽም፤ አቅሙም የለኝ። የተበላነው ግን ብዙ ነን። የት እንደምትሠሪ ነግሬአቸዋለሁ።»

በዚያው ቀን አስፈቅጄ ማረጋገጫው ላይ ወደተጻፈው የክፍያ ድርጅት ቢሮ ሮጥኩ። አንዲት ወጣት ሠራተኛ ስሜን አስገባችና ኮምፒውተሩን ወደኔ አዞረችው። ችኩሌ፣ ራሴን አየሁ። መታወቂያዬን አገጬ ሥር ይዤ ቆሜያለሁ። ፀጉሬ እርጥብ ነው። ከኋላዬ ያ የተሰነጠቀው፣ በፕላስተር የለጠፍነው የቤታችን መስኮት አለ።

እሑድ ነበር፣ ታስታውሻለሽ? ስልክ ጥገና ሱቁ ከገባሽ ወር አልሞላሽም። «እህትዓለም፣ ሰው ለስልክ ክፍያ ካላስመዘገብኩ ባለሱቁ ያባርረኛል፤ አንቺን ልመዝግብሽ» አልሽኝ። ፎቶ ስታነሺኝ ሳቄ አላስቆም ሲል «ኧረ አትሳቂ፣ ወንጀለኛ ምሰዪ!» ብለሽ የባሰ አሳቅሽኝ። ከዚያ ስልኬ ላይ ኮድ መጣ። አነበብኩልሽ። መልእክቱ «ለማንም እንዳይሰጡ» ይላል። አንቺ ደግሞ ለኔ «ማንም» አልነበርሽም።

«ማን ነው ያነሳሽ?» አለችኝ ሠራተኛዋ።

«አላስታውስም» አልኳት።

ለምን እንደዋሸሁ ታውቂያለሽ። ቀዶ ሕክምና ባደረግኩ ጊዜ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አልጋዬ ሥር ሲሚንቶ ላይ የተኛሽው አንቺ ነሽ። ያቺን ልጅ በአንድ ቃል አሳልፎ መስጠት ከበደኝ።

ሠራተኛዋ ሒሳቡን አገደችው። «የምስጢር ቁጥሮችሽን ሁሉ ዛሬውኑ ቀይሪ፤ በስምሽ ስንት ስልክ ቁጥር እንደወጣም ጠይቂ» አለችኝ። ጠየቅኩ። አራት ነው። እኔ የማውቀው አንዱን ብቻ ነው። ሦስቱን አዘጋሁ። በሳምንቱ ሄጄ ሳጣራ አምስተኛ ወጥቷል። አየሽ፣ አንዱን በር ስዘጋ በሌላው ይገባሉ። ፊቴን አልቀይረው ነገር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልንገርሽ። አንድ ጠዋት ስወጣ የግቢው በር ላይ በቀይ ቀለም «ሌባ» ተብሎ ተጽፏል። አከራያችን ቀለሙን በቢላዋ እየፋቁ «ልጄ፣ እኔ አምንሻለሁ፤ በሩን የሚያይ ሰው ግን አያምንሽም። ቤት ፈልጊ» አሉኝ። ኃላፊዬም ነገሩ እስኪጣራ መስኮት ላይ አትቀመጪ ብሎ የድሮ ካርዶች ወዳሉበት ምድር ቤት አወረደኝ። ማታ ከሥራ ስወጣ ከመንገዱ ማዶ አንድ ሰው ቆሞ ያየኛል። አይቀርብም፣ አይናገርም። ታክሲ እስክይዝ ቆሞ ይሄዳል። ፖሊስ ይሁን ከተበሉት አንዱ ይሁን አላውቅም። አሁን ሰው ስሜን ሲጠራ አልዞርም።

ትናንት ጉዳዩን የያዘው የፖሊስ መርማሪ ጣቢያ አስጠራኝ። ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ረጋ ማለቱ ነው የሚያስፈራኝ። አንድ ትልቅ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልኝ። ትንንሽ ፎቶዎች ሞልተውበታል፤ ሁሉም መታወቂያቸውን አገጫቸው ሥር ይዘዋል። ሽማግሌ አለ፣ ነፍሰ ጡር አለች፣ አንዲት መነኩሴ አሉ። በየስማቸው ሰው ተበልቷል።

«የምታውቂው ሰው አለ?» አለኝ።

በሁለተኛው ረድፍ ላይ አንቺ ነበርሽ።

የሱቁ መደርደሪያ ከኋላሽ ይታያል። ባለሱቁ ነው ያነሳሽ መሰለኝ። ቀኑን አነበብኩት፤ ከኔ በሦስት ሳምንት ይቀድማል። ሥራ በጀመርሽ በመጀመሪያው ሳምንት መሆኑ ነው። ሰውዬው ሱቁን ዘግቶ ከጠፋ ቆይቷል አሉ። በስምሽ የተከፈተው ሒሳብ ግን እስካለፈው ዓርብ ድረስ ብር ሲቀበል ነበር።

ከትናንት ጀምሮ የሚያሳብደኝ ይህ ነው። እንደኔ ተታለሽ ነው ወይስ አውቀሽ? መጀመሪያ ሳታውቂ፣ በኋላ አውቀሽ ዝም ብለሽ ይሆን? ድንገት ሥራውን ለቀሽ የሄድሽው፣ ስንሰነባበት ዓይኔን ማየት ያቃተሽ ለዚህ ነበር? ያኔ ፍቅር ይዟት ነው ብዬ ስቄብሽ ነበር።

ለመርማሪው «ላስብበት» አልኩት። ወረቀቱን ቀስ ብሎ አጠፈና «እስከ ሰኞ አስቢ። እኔ እታገሣለሁ። የተበሉት ሰዎች ግን ይህን ዝርዝር ከኔ ቀድመው አግኝተውታል» አለኝ።

ስለዚህ ስሚኝ። የሚተነፍሰው ሰውዬ ስልክሽን ከያዘው፣ የት እንደምትኖሪም ሳያውቅ አይቀርም። በር ሲንኳኳ ማን እንደሆነ ሳትጠይቂ አትክፈቺ። ገንዘብሽን እንመልስልሻለን፣ ስምሽን እናጸዳልሻለን ብሎ መታወቂያ ወይም ቁጥር ለሚጠይቅሽ ምንም አትስጪ፤ እኔንም እንደዚህ ብለው ሁለት ጊዜ ደውለውልኛል።

ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ጣቢያው በር ላይ እቆማለሁ። ከመጣሽ እጅሽን ይዤ አብረን እንገባለን፤ የሆነውን አንቺው በአፍሽ ትናገሪያለሽ፤ ምንም ብትናገሪ አጠገብሽ ነኝ። እስከ ሁለት ተኩል እጠብቅሻለሁ። ካልመጣሽ ብቻዬን እገባና ሁለተኛው ረድፍ ላይ ጣቴን አስቀምጣለሁ።

እስከዚያ ድረስ አሁንም ጓደኛሽ ነኝ።

እህትዓለም