ሠላሳ ሰባት ተኩል በአምስት እንቁላል

ውድ አስተማሪዬ፣

ያ ሁሉ እንቁላል መፈልፈያው ውስጥ የተበላሸው በእኔ ጥፋት ነው እንጂ ባንቺ አልነበረም። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን በሆዴ ይዤ ስጸልይ ኖሬያለሁ።

በዕድሜ ልጄ ነሽ። ባለቤቴ ባረፈች ሰሞን ቤቱ ሲሰፋብኝ፣ ከሥራ በኋላ አስቀምጠሽ ኮምፒዩተር ያስተማርሽኝ ግን አንቺ ነሽ። ከስምንተኛ ክፍል ያላለፈ ማሽን ጠጋኝ ስለ ቢት ምን ይገባዋል? አንቺ የእንቁላል ትሪ አመጣሽ። ሠላሳ ጉድጓድ ነበረው፤ ኮምፒዩተሩ አንድን ቁጥር የሚይዘው በሠላሳ ሁለት ቢት ነው ብለሽ ሁለት ብርጭቆ ጨምረሽ ሠላሳ ሁለት አደረስሽው። እንቁላል ያለበት አንድ፣ ባዶው ዜሮ። የመፈልፈያውን ሙቀት፣ ሠላሳ ሰባት ተኩልን፣ በአምስት እንቁላል ጻፍሽልኝ። አንዷን ስታነሺ ሠላሳ ሰባት ብቻ ቀረ።

«ልጄ፣ ጫጩት ነው ወይስ ቁጥር የምንፈለፍለው?» ብልሽ ሆድሽን ይዘሽ ሳቅሽ። እኔም ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። ፈጣሪ ይስጥልኝ።

ከዚያ አምነሽኝ ከመፈልፈያው ፕሮግራም አንድ መስመር አስጻፍሽኝ። የሙቀት መለኪያው ቁጥር ወደ ማሞቂያው የሚያልፍበትን። «ጋሼ፣ ቁጥሩን ወደ ሙሉ ቁጥር እንዳይለውጡት። ቢቶቹን እንዳሉ ያሻግሯቸው» ብለሽኝ ነበር። እኔ የቀለለኝን ጻፍሁ፤ ለወጥሁት። ተኩሏ ተቆርጣ ቀረች። ማሞቂያውም ሠላሳ ሰባት ብቻ እየተነገረው፣ ተኩሉ ገና ነው እያለ ከልክ በላይ አነደደው።

ሥራ አስኪያጁ ማን እንደጻፈው ሲጠይቅ፣ ወደ እኔ ዞር እንኳ ሳትዪ «ፕሮግራሙ የኔ ነው» አልሽ። እኔ መፍቻዬን ጨብጬ ወደ ማሽኔ ተመለስሁ። አንቺ ዕቃሽን ሰብስበሽ በወጣሽ ማግሥት መስመሩን ማንም ሳያየኝ አስተካከልሁት።

ባለፈው ሳምንት የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ እንዳጫወተችኝ፣ ሊቀጥርሽ ያሰበ መሥሪያ ቤት ስለ አንቺ ጠይቆ ኖሯል። ሥራ አስኪያጁም «ጥንቃቄ ይጎድላታል» ብሎ ሊመልስ ነው።

ዛሬ ጠዋት ቢሮው ገብቼ ሁሉንም ነገርሁት። እሱም «ጡረታዎ ሁለት ወር ሲቀረው ምን ያናግርዎታል?» አለኝ።

«ለእሷ ይጠቅማል» አልሁት።

ከዚያ የተሳሳተውን መስመርና ያንቺን ምክር በገዛ እጄ ጽፌ ፈረምሁ፤ ማኅተም አስመታሁበት። አንዱን ቅጂ በግል ማኅደርሽ አስገባሁ። ሌላውን በእግሬ ወስጄ ለዚያ መሥሪያ ቤት አስረከብሁ፤ ተቀባይዋንም አስፈረምሁ።

ያስተማርሽው ጠጋኝ