ሳሙናዬና የፒካፕህ ታንከር

ጅሩ፣

የፒካፕህን ቁልፍ አትፈልግ፣ ይዤው ሥራ ሄጃለሁ።

ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ብል ሳሙና የለም። ለካ የቤንዚን ታንከሩን ቀዳዳ ደፍነህበታል! «ሳሙና በቤንዚን አይሟሟም» ልትለኝ ነው። በውኃስ? ትናንት ወንዙን ስትሻገር ታጥቦ፣ ይኸው ቤንዚኑ መሬት ላይ ይንጠባጠባል። እናትህን ካኮ ገበያ የምታደርሳት በዚህ ነው?

እሷ በሚኒባስ ትሂድ። አንተ መካኒክ ጥራና ታንከሩን አስቀይር። ክርክር ካለህ ከዚያ በኋላ እሰማለሁ።

መኪናው ሥር አሸዋ ነስንሻለሁ፤ እንዳትጠርገው።

ትናንት ማታ «መኪናው አጠገብ አታጭስ» ስትለኝ፣ ስለ ግል ነፃነት ግማሽ ሰዓት አስተምሬህ ነበር። በዚያ ጉዳይ ዛሬ አስተያየት የለኝም።

ላይተሬን እዚህ ወረቀት ላይ አስቀምጫለሁ። ደብቅልኝ።

ጸጋዬ