የነፋስ ዓይን

ሽፌዬ፣ የኔ መምህር፣

ከተለየኸኝ ሁለት ክረምት አለፈ። ይህን የምጽፍልህ በገዛ እጄ ነው፤ ማንንም አላስጻፍኩም። ፊደሎቼ ቢወላገዱም አትሳቅብኝ። ቀበሌ መሠረተ ትምህርት ገብቼ ተማርኩልህ። አንተ ባሌ፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪው፣ ላስተምርሽ እያልክ ስትለምነኝ ዛሬ ነገ እል ነበር፤ አንተ ስትሄድ ጊዜ አገኘሁ።

ቤቱ ያው ነው። ልጃችን ማርታ ቁመቷ እኔን አክሏል፤ ኮትህን ካልለበስኩ ብላ ታስቸግረኛለች። ስኳር አሁንም ከኅብረት ሱቅ ተሰልፈን ነው። የተለወጠው መስኮቱ ብቻ ነው፤ በምስማር መትቼ ዘግቼው ነበር።

ይህን ቤት ስንሠራ በአስኮ በኩል ትልቅ መስኮት ካልወጣልኝ ብለህ ድርቅ አልክ። ጎረቤቱ ሁሉ ብርድ ይፈጃችኋል አለን። አንተ ግን ጭቃው መሐል ቆመህ ዊንዶው የሚለውን ቃል ታስተምረኝ ጀመርክ። በባሕር ከሰሜን የመጡ ሰዎች ለእንግሊዞች የተዉላቸው ቃል ነው፣ ሲፈታ የነፋስ ዓይን ማለት ነው አልከኝ። የዚያን ዘመን ቤት መስተዋት አያውቅም፤ ቀዳዳ ብቻ ነበረው። እኛ ዘንድ ነፋስ ይመታል፣ እነሱ ዘንድ ያያል ብለህ ሳቅህ። ከዚያ ወዲያ መጋረጃው በተንቀሳቀሰ ቁጥር አንድ ደግ ሰው የሚያየን ይመስለኝ ነበር።

ታመህ የተኛህ ጊዜ ክፈችልኝ አልከኝ። ሳሉ እያጣደፈህ ነበር፤ አሳዘንከኝና ከፈትኩት። በሦስተኛው ቀን ሄድክ። ለቅሶ የመጣው ሁሉ ነፋስ ገብቶት ነው አለ። ማን እንደከፈተው የጠየቀ የለም፤ እኔም ትንፍሽ አላልኩም። በሠልስቱ ማግስት መዶሻ ተውሼ ዘጋሁት። ሽፌዬ፣ የገደልኩህ እኔ ነኝ እያልኩ ነው የከረምኩት።

ባለፈው እሑድ ቃላት ትጽፍበት የነበረውን ደብተር አወጣሁ። እስከዚያ ከሽፋኑ አላልፍም ነበር፤ ማርታን እንዳላስነብባት ደግሞ ምን ጽፎ ይሆን ብዬ ፈራሁ። ፊደል በፊደል እየለቀምኩ መጨረሻው ገጽ ላይ ደረስኩ። በአማርኛ ነው የጻፍከው። ዛሬ አሰለፈች የነፋሱን ዓይን ከፈተችልኝ፤ የባሕር ዛፉ ሽታ እስከ አልጋዬ መጣ፤ ከታመምኩ ወዲህ እንዲህ ተንፍሼ አላውቅም ይላል። አንባቢነቴን አላመንኩትም። ማርታን ጠራኋት፤ እሷም እንደዚያው አነበበችው። ደብተሩን አቅፌ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ምስማሩ ዝጎ ኖሮ መንቀሉ እስከ ምሳ ሰዓት ፈጀብን። አሁን መስኮቱ ተከፍቶ ነው የምጽፍልህ፤ ነፋሱ ወረቀቱን እያነሳብኝ በመዳፌ ተጭኜዋለሁ። ጎረቤቶቻችን በአጥር ላይ ብርድ ይመታሻል ይሉኛል። ይበሉ። በሕይወት እስካለሁ ጠዋት ጠዋት እከፍተዋለሁ፣ ስምህንም እጠራለሁ። ያን ጊዜ እየኝ።

ያንተው አሰለፈች