ሞተሩ ላይ የፈሰሰው ጠበል

ይድረስ ለእታለም ምሥራቅ፤
ጅዳ

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽን እንዴት አደረገሽ? ባለፈው ስንደዋወል ድምፅሽ ጎርነን ብሎብኝ ብጠይቅሽ ብርድ ነው ብለሽ አለፍሽው፤ ጅዳ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ብርድ ያለው እያልኩ ስብሰለሰል ከረምኩ። የምትጦሪያቸው አሮጊትስ ሌሊት ሌሊት መቀስቀሱን ተዉሽ ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በቁማችን አለን። እማ ጉልበቷን ይቆረጥማታል እንጂ አፏ እንደሆነ አልሰነፈም፤ ጎረቤቱን ሁሉ እንዳስተዳደረች ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ይገርምሽ ይሆናል። ስልኩ በሠራ ቀን እማ ጆሮዋን ከጆሮዬ ጋር ትለጥፋለች፤ የዛሬው ነገር ደግሞ እሷ ልትሰማው የማይገባ ነው። ሚፍታህን ታስታውሺዋለሽ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ጋራዥ ያለው የጋሽ ሀምዱ ልጅ። እህቱ ራጂያ ለእረፍት መጥታ ወደዚያው ስለምትመለስ በእሷ እጅ ላክሁት። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ሳላዞር ልናገር። ሚኒባሷ ሞታለች። ዘጠኝ ዓመት በሰው ቤት ጎንበስ ብለሽ የገዛሻት፣ ግንቦት ላይ ኮንትራትሽን ጨርሰሽ ስትገቢ እንጀራሽ ትሆናለች ያልናት መኪና፣ ከየካቲት አጋማሽ ጀምሮ ሞተሯ ተበታትኖ ሚፍታህ ግቢ ቆማለች። በስልክ ደህና ናት፣ እየሠራች ነው ያልኩሽ ሁሉ ውሸት ነው። የገደልኳትም እኔ ነኝ።

ከመነሻው ልንገርሽ። ኅዳር መባቻ ላይ ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቢጫ መብራት በራች፤ የሞተር ሥዕል ያለባት፣ እኛ ሾፌሮች ቼክ ኢንጂን የምንላት። መኪናዋ ግን ምንም አላላትም፤ እንደ ወትሮዋ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ትመላለሳለች። እኔም ነገ ዛሬ እያልኩ ሳላስመረምራት ሰነበትኩ። በኅዳር ሚካኤል እማን ከቤተ ክርስቲያን ስመልሳት ጋቢና ተቀምጣ መብራቷን አየቻትና ይህች ደግሞ ምንድን ናት አለችኝ። ሞተሩ አሞኛል እያለ ነው አልኳት፤ ቀልዴን ነበር። እማ ግን ቀልድ የምታውቅ ሴት መሰለችሽ? ለታመመ መድኃኒቱ ምን እንደሆነ ጠፋህ ወይ ብላ ቤት ስንደርስ የሚካኤልን ጠበል በጀሪካን ይዛ ከተፍ አለች።

ከውጭ ረጨት ረጨት አድርጊላትና ይበቃታል ብላት፣ ሕመሙ ከውስጥ ሆኖ ከውጭ ቢረጩት ምን ይረባል አለችኝ። እማ አንዴ ካለች አለች ነው። የጋቢናውን ወንበር ገልብጬ ሞተሩን የከፈትኩላት እኔው በእጄ ነኝ። እሷም በስመ አብ ብላ፣ ያንቺን ስም ጠርታ፣ ልጄን በሰላም መልስልኝ እያለች ጀሪካኑን እስከ ጥፍጣፊው አንቆረቆረችበት። እኔም አሜን አልኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ሳስነሳት መኪናዋ ትንቀጠቀጥ ጀመር። ነዳጅ ስሰጣት ትንተባተባለች፤ ቆማ ስትሠራ መሪው እጄ ላይ ይርበተበታል፤ ዳገት ላይ ጉልበት የላትም። ዝም ብላ ትበራ የነበረችው መብራትም ብልጭ ድርግም ማለት አመጣች። ይደርቃል ብዬ ሦስት ቀን ጠብቄ፣ አልሆን ሲለኝ ሚፍታህ ዘንድ ወሰድኳት።

ሚፍታህ አውራ ጣት የምታህል ዕቃ አለችው። ከመሪው ሥር ይሰካትና የመኪናውን ሕመም በስልኩ ያነባል። ሁለት ነገር አነበበልኝ። የመጀመሪያው የነዳጅ ታንከሩ ክዳን አልጠበቀም የሚል ነው። ማደያው ባዶ ሲሆን በመንገድ ዳር ከጀሪካን እየቀዳሁ ክዳኑን በወጉ ሳልዘጋው ኖሬያለሁ። ያቺ እማን ጠበል ያስያዘቻት መብራት ለካ ክዳን ኖራለች፣ እታለም። በእጁ ጠምዘዝ አደረገውና አበቃ። ሁለተኛው ግን ሦስተኛው ሲሊንደር እሳት አያገኝም የሚል ነው። ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ለወጠ፣ ለውጥ የለም። ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን ቦቢና ከጎረቤቱ ሲሊንደር ቦቢና ጋር አቀያየረ፣ ያው ናት። ከዚያ፣ ሽቦው ውስጥ ውሃ ገብቶ ይሆናል፣ ሞተር አሳጥበሃል ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

አላሳጠብኩም አልኩት።

ምን ብዬ ልንገረው? እናቴ ያፈሰሰችው ጠበል መኪና አበላሸ ብዬ ለሙስሊም ልጅ? ጠበሉን ማሳጣት መሰለኝ። ቢስቅ አልችለውም፣ አዝኖልኝ ዝም ቢልም ይብሳል። በዚያ ላይ ሚካኤልን ፈራሁ፤ አሜን ብዬ ተቀብዬ ዞሬ እንዴት እከሰዋለሁ? በሌላ ቀን ደግሞ ጠየቀኝ፣ ደግሜ ካድኩ። በሦስተኛው ማልኩለት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እየሰማሁ ያደግኩ ሰው፣ የራሴ ሲሆን ጆሮዬ ተደፈነ። ሚፍታህም ቃሌን አምኖ ከውሃው ራቀ፤ ያ የጀሪካን ቤንዚን ነው ብሎ ታንከሩን አጠበ፣ ማጣሪያውን ለወጠ፣ ነዳጅ መርጫውን አወረደ። ሰውዬው እጁ ላይ ስንጥቅ እስኪወጣ ደከመ። በመጨረሻ መብራቷ ብልጭ ድርግም እያለች እንዳትነዳት፣ የባሰ ታመጣለህ ብሎ አስጠነቀቀኝ።

እኔ ጅሉ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ጥቁር ፕላስተር ቆርጬ መብራቷ ላይ ለጠፍኩባት። የበርበሬ ገበያ የደራበት ወቅት ነው፣ መንገዱ አንድ ሳምንት ተከፍቶ አንድ ሳምንት ይዘጋል፣ ተከፍቶ ሳለ ልሥራ አልኩ። ተሳፋሪ ሲያጉረመርም የመንገዱ ነው እላለሁ። አንድ ቀን አባ ገብረሰንበት ከኋላ ተቀምጠው፣ ልጄ ይህች መኪና ወባ ይዟታል መሰለኝ፣ አሳክማት አሉኝና ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

የካቲት ላይ ከቡሬ ስመለስ ማንኩሳ ሳልደርስ ጉልበቷ ከዳት። ነዳጁን እስከ ወለሉ ብረግጠው አትሄድም። ከሥሬ ሙቀት ሽቅብ ይመጣል፤ ወዲያው አንዳች ነገር ጓ አለና ነጭ ጭስ ጋቢናውን ሞላው። ተሳፋሪው ወርዶ በእግሩ ሄደ፤ እኔ በገልባጭ መኪና ተጎትቼ ገባሁ። ሚፍታህ ሲፈታው፣ ሦስተኛው ሲሊንደር ሳያቃጥል የሚለቀው ቤንዚን ጭስ ማውጫው ውስጥ እየገባ የጭሱን ማጣሪያ አቅልጦ ደፍኖታል። ሞተሩ መተንፈሻ ሲያጣ ግሏል፤ የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ተሰንጥቋል፣ ፒስተኑም ተበልቷል። ያን ቀን የሽቦውን መሰኪያ ነቅሎ አሳየኝ፤ ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ብቻ ነው። ያኔ ነገርኩት።

በመጀመሪያው ቀን ብትነግረኝ መሰኪያውን ቆርጬ በአንድ ሰዓት ውስጥ ትሄድ ነበር አለኝ። ቀጠለና፣ የኔም እናት ዘምዘም ብታገኝ ከማፍሰስ የምትመለስ እንዳይመስልህ፣ በዚህ ታፍራለህ እንዴ አለኝ። እታለም፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እዚያው ጎማ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ ያላንኳኳሁት በር የለም። ያገለገለ ሞተር አዲስ አበባ ይገኛል ይላሉ፤ ዋጋው ከኛ አቅም በላይ ነው፣ ቢገዛም በዚህ መንገድ ማን ያመጣዋል? ሊገዟት የመጡ ሰዎች ብረቷን በኪሎ ነው የጠየቁኝ። ባምላኩ ደላላው ደግሞ ጎማዎቿን ብቻ ሽጥልኝ አለኝ። እኔ መናኸሪያ የበርበሬ ጆንያ እጭናለሁ፤ ከእጅ ወደ አፍ ነው፣ እማን ጦም አላሳደርኳትም። ተስፋ አለ ብዬ እንዳልጽፍልሽ ውሸት ሰልችቶኛል።

እንግዲህ የምለምንሽ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ አትምጪ። ይህን የምጽፍበትን እጄን ቆርጬ ብጥለው በወደድኩ፣ ግን ግንቦት ላይ ብትመጪ የሚጠብቅሽ ባዶ ግቢና የኔ ጀርባ ነው። አሮጊቷ ኮንትራት አድሺ ካሉሽ አድሺ። ወገብሽ እንደሚያምሽ እያወቅሁ ነው የምጽፈው። ነይ፣ ይበቃሻል ብዬ ሁለት ዓመት የወተወትኩሽ እኔ ነበርኩ፤ ቅሪ የምልሽም እኔው ሆንኩ።

ሁለተኛው ይብሳል። እማ መኪናዋ ቀለም ልትቀባ ነው የገባችው ብያት አምናኛለች፤ ጠበሉ እየሠራላት እንደሆነ ለጎረቤት ትናገራለች። አንቺ የምትተኚበትን ክፍል ግድግዳ አስመርጋለች። ለምን እንደቀረሽ ስትጠይቅሽ በገዛ ፈቃዴ ነው፣ መምጣት አልፈለግሁም በያት። ትቀየምሽ፣ ታልቅስብሽ። ካንቺ ጋር ብትቀየም አንድ ቀን ትታረቃለች። ስምሽን እየጠራች ያፈሰሰችው ጠበል እዚያው እንዳስቀረሽ ካወቀች ግን ዳግመኛ ለጸሎት አትቆምም። የኔን ጥፋት አንቺ ተሸከሚልኝ ማለቴ እንደሆነ አውቃለሁ። የምለምነው ሌላ ሰው የለኝም።

ሚፍታህ በጣም ሰላም ብሎሻል። ጋሽ ሀምዱም ጤናዋን ጠይቅልኝ ብለዋል። አባ ገብረሰንበት በጸሎት ያስቡሻል። ጎረቤታችን እትዬ ማርያማዊት ስምሽን ሳትጠራ አትውልም። አብረውሽ ለሚኖሩት ልጆች ሁሉ፣ ለራጂያም ለውለታዋ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

እማ ፊደል ስለማትቆጥር እንጂ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ነች። ምነው ረዘመ፣ ምን እያልካት ነው ስትለኝ ሰላምታ ነው አልኳት። እንግዲያ የኔንም ጨምርበት፣ ግንቦት ደረሰ፣ ቤትሽ ተሠርቶ አልቋል በልልኝ አለችኝ። ይኸው ጻፍኩልሽ።

ወንድምሽ ስመኘው
ፍኖተ ሰላም፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.